የቆሰለችው ጎሽ ባለቤት

ልጅ ሳለሁ ጎሽ ማለት ለእኔ የእናቴ ድምፅ ነበር። ውሃ ሳላፈስ ከወንዝ ስመለስ፣ ታናሽ ወንድሜን አባብዬ ሳስተኛው፣ ዶሮዎቹን ሳልታዘዝ ወደ ቆጥ ሳስገባ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጎሽ!» ትለኛለች፤ በወሎ አነጋገሯ ረዘም፣ ለስለስ አድርጋ። እንስሳ መሆኑን የሰማሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አንደኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀንዱ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ዓይኑ የሚያስፈራ ጥቁር ከብት ተለጥፎ ነበር፤ ከጎጃም ተመድበው የመጡት መምህራችን በአርጩሜ እየጠቆሙ «ጎሽ የዱር እንስሳ ነው» ሲሉ እኛ ተከትለን እንጮሃለን። እኔ ግን እናቴ ይህን ሁሉ ጊዜ በዚህ አስቀያሚ ከብት ስም ስትጠራኝ የኖረች መስሎኝ ቤት ሄጄ አኮረፍኩ፤ እራትም አልበላም አልኩ። ነገሩን ስነግራት እናቴ ጎኗን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

የምንኖረው ከባምባሲ ወደ ዳቡስ ወንዝ ሲወረድ ባለች የሰፋሪ አምባ ውስጥ ነበር። አባቴና እናቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ ድርቅ ተነሥተው በጭነት መኪና ከመጡት ሰዎች ናቸው፤ እኔ እዚያው፣ ከቀርከሃና ከጭቃ በተሠራች ቤት ውስጥ ተወለድኩ። ለአባቴ ጎሽ ማለት ሌባ ነበር። ማሽላው ሊደርስ ሲል ጎሾቹ ከዳቡስ ሸምበቆ ውስጥ እየወጡ ይገቡበታል፤ የሚበሉት ትንሽ፣ የሚረግጡት ብዙ ነው፤ ያደሩበት ማሳ የተወቃ አውድማ መስሎ ይጠብቀዋል። አባቴ ማማ ላይ ተቀምጦ ወንጭፉን እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ያነጋል፤ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ሲገባ የጎሽን ስም ያለ እርግማን አንሥቶ አያውቅም።

ጅዲ ሐሩን ግን ስሙን ጭራሽ አይጠራውም ነበር።

ጅዲ ሐሩን ከአምባችን ማዶ፣ ከቀርከሃው ጫካ ባሻገር ካለው የበርታ መንደር የሚመጣ ሽማግሌ ነው። ጅዲ በእነሱ ዘንድ አያቴ እንደማለት ነው፤ እኛም ልጆቹ እንደዚያው እንጠራዋለን። በወጣትነቱ ጎሽ አዳኝ ነበር ይባላል። አባቴ አገሩን ሳያውቅ፣ ገና በመጣ በዓመቱ ወባ ጥሎት ሳለ፣ የትኛው ውሃ እንደሚጠጣ፣ የትኛው መሬት ማሽላ እንደሚያበቅል ያሳየው፣ ቤቱንም አብሮት ያቆመለት ጅዲ ነው። ከዚያ ወዳጅ ተያያዙ። በዚያ አገር ወዳጅ መያዝ እንዲያው ደህና ዋልክ ደህና አደርክ አይደለም፤ የአንዱ ልጅ የሌላው ልጅ ነው፣ የአንዱ ሐዘን የሌላው ሐዘን ነው። አባቴ ከወሎ ሲመጣ ወንድሞቹን ሁሉ ቀብሮ ስለነበር ወዳጁን እንዴት እንደሚያይ እኔ ልጅ ሆኜም ይታወቀኝ ነበር።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሁለቱ ከደጃችን ካለው የማንጎ ዛፍ ስር እሳት አንድደው ይቀመጣሉ። የቀርከሃ ፍልጥ እሳት ሲገባ በየአንጓው ያለው አየር እየፈነዳ ጧ ጧ ይላል፤ ፍንጣሪው ወደ ላይ ይነሣል፤ እኛ ልጆቹ ወደ ኋላ እንሸሽና መልሰን እንጠጋለን። እናቴ በር ላይ ኩራዟን አስቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች። ያኔ መብራት የሚባል ነገር አምባችን አልደረሰም ነበርና ከዚያ ከእሳቱ ክብ ውጭ ያለው ዓለም ሁሉ የጅዲ ሐሩን ነበር፤ እሱ የፈለገውን ያስቀምጥበታል።

አማርኛውን የተማረው ከገበያ ነው። እኔን ሴቷን ልጅ «አንተ» ይለኛል፤ አባቴን «አንቺ» ይለዋል። «ፋጡማ፣ ና፣ ቁጭ በል! ይማም፣ አንቺ እንጨት ጨምሪ!» ሲል እናቴ አፏን በሻሿ ይዛ ትስቃለች። በመጀመሪያ እንደ ደንቡ አንቱ ብለነው ነበር፤ እሱ ግን ግራና ቀኙን እያየ «አንቱ ማነች? እኔ አንድ ሰውዬ ነኝ» ብሎ ከለከለን፤ ስለዚህ አባቴ ቢቆጣም አንተ እያልነው አደግን።

ተረቱ ሁሉ ስለዚያ እንስሳ ነበር፤ እሱ ግን «ጥቁሯ» ይላታል እንጂ ስሟን አይጠራም። እናቴ ከቤት ውስጥ «ጎሽ!» ብላ ካመሰገነችኝ እንኳ እጁን ያነሣና ወደ ዳቡስ በኩል ያያል።

«ስሟን ከጠራህ ትሰማለች» አለኝ አንድ ምሽት። «ጆሮ አላት፣ ትልቅ።»

«ከሞተችስ፣ ጅዲ?»

«ከሞተች ወጥ ነች። ወጥ ስም አላት እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ጥርሱ ከፊት ሁለቱ ብቻ ነበር የቀሩት። ከዚያ ሳቁን ተወና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከቆሰለች ግን፣ ወላሂ፣ ስም አላት። ስሟ ያቆሰላት ሰውዬ ስም ነች።»

እንዲህ ነው ልማዳቸው። ጎሽ አቁስሎ ያመለጠችው ሰው ቤቱ ገብቶ አይቀመጥም። በዚያው እግሩ መንደር ለመንደር እየዞረ፣ በየደጁ ቆሞ «የቆሰለች አለች፤ የኔ ነች» ይላል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሬሳዋ እስኪታይ ድረስ ጎሿ በእሱ ስም ትጠራለች። ሐሩን ያቆሰላት ከሆነች ሰው ሁሉ «ሐሩን ሸምበቆው ውስጥ አለች»፣ «ሐሩን ወደ ላይኛው መሻገሪያ ሄደች» እየተባባለ ይጠነቀቃል፤ ሴቶች ውሃ አይወርዱም፤ ወንዶች ከሰውዬው ጋር ሆነው ይከተሏታል። የቆሰለች ጎሽ አትሸሽም። ዞራ መጥታ በራሷ ዱካ አጠገብ ትቆምና መንገደኛውን ትጠብቃለች፤ ማን እንዳቆሰላት አትለይም። ሰውዬው ሳይናገር ቆይቶ ሰው ከሞተ ደግሞ፣ ወደ ሟች ቤት ሄዶ በእሳቱ ፊት «የኔ ነች» ማለት አለበት። ያን ጊዜ የሟች አባት በራሱ እጅ ከቤቱ ቅል ውሃ ቀድቶ ያጠጣዋል፤ ኸላስ፣ ያልቃል። ካሳ የለ፣ ደም የለ። ቃሉን ግን ሌላ ሰው ሊናገርለት አይችልም። ሌላ ሰው ስሙን ጠርቶ «እገሌ ነው» ካለ ነገሩ የደም ይሆናል፤ ወንድሞች ጦር ያነሣሉ። ስለዚህ ቢያውቁም አይናገሩም፤ ራሱ እስኪናገር ይጠብቁታል።

እኔ ይህን ሁሉ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። አባቴም እሳቱን እየቆሰቆሰ «እኛ አገር ጅብ ያቆሰለ ሰው ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ጅቡ የትም ሄዶ ይሞታል» እያለ ወዳጁን ያበሽቀው ነበር።

ጅዲ ሐሩን ሀዋ የምትባል ልጅ ነበረችው፤ ከወንዶቹ ሁሉ በኋላ የመጣች፣ በእርጅናው የወለዳት። ሀዋ ያን ጊዜ ለጋብቻ የደረሰች ነበረች። በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ጫፍና ጫፍ ጭነቷን አንጠልጥላ እየተወዛወዘች ስትመጣ ከሩቅ እናውቃታለን፤ ማንጎ ሲደርስ ለእኛ ሳታመጣ አትቀርም። ፀጉሬን የምትሠራልኝ እሷ ነበረች። ስታጠብቀው ሳለቅስ በቋንቋዋ ትሳደብና ወዲያው ግንባሬን ትስመኛለች፤ ሲቆስልብኝ የምትቀባኝ ቅባት ሽታው አሁንም ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ። እህት አልነበረኝም። ሀዋን እወዳት ነበር።

የዚያ ዓመት ማሽላ አጨዳ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ከእኛ ማሳ በኩል ተኩስ ተሰማ። አባቴ የአምባው ታጣቂ ስለነበር ክላሽ ነበረው፤ ያለ ፈቃድ መተኮስ ግን ክልክል ነው፣ አውሬ ላይ መተኮስማ መሣሪያ ከማስነጠቅ አልፎ ያሳስራል። ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እናቴ ስትጠይቀው «ዝንጀሮ ነው፤ ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት» አለ። እኔ አመንኩት፤ ለምን አላምነውም? እናቴ የሚጠጣ ውሃ ሰጥታው ቆማ አየችው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ሀዋ ሸምበቆ ልታጭድ ወደ ዳቡስ ወረደች። የቆሰለች ጎሽ መኖሯን የነገራት አልነበረም። ብቻዋን አልነበረችም፤ አብረዋት የነበሩት ልጃገረዶች እየጮሁ ነው የመጡት፤ ጩኸታቸው አምባችን ድረስ ተሰማ። ከሁለቱም መንደር ወንዶቹ ሄደው ያንኑ ቀን ጎሿን ገደሏት፤ ሴት ነበረች። የኋላ ታፋዋ ላይ የሰነበተ፣ የመገለ የጥይት ቁስል አገኙ። ሬሳዋ ላይ ቆመው ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው «የማን ነች?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። አባቴ እዚያ መሃል ቆሞ ነበር። ማግስቱን የሀዋን መቃብር ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሲቆፍር፣ ሌሎቹ በቃ ሲሉት እንኳ ዶማውን አልሰጥ ብሎ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ለወዳጁ ልጅ አዝኖ ነው ብዬ ነበር።

ጅዲ ሐሩን ደግሞ ከቀብር በኋላ ብቻውን የጎሿን ዱካ ወደ ኋላ ተከትሎ ሄደ። ይህን ያወጋችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ ነች፤ ማሳ ጠርዝ ላይ ሆና አይታዋለች። ጎንበስ ብሎ የደረቀውን ደም እየነካ፣ እየነካ መጥቶ የእኛ ማሽላ ጋ ሲደርስ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ማማውን አንጋጦ አየና ተመለሰ። እናቴ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

የሐዘኑ ቀን እንዳለፈ ጅዲ ተመልሶ ወደ ማንጎው ዛፍ መምጣት ጀመረ። እኛ ልጆቹ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ያኔ ሐዘን እንዲህ ቶሎ ያልፋል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ብቻ ሲያወራ መሳቁን ትቷል፤ ተረቱም አንድ ብቻ ሆነ።

«አንድ ሰውዬ ነበረች» ብሎ ይጀምራል። ሰውዬው አንዳንድ ቀን ንጉሥ ነው፣ አንዳንድ ቀን ቀጥቃጭ፣ አንዳንድ ቀን ሰው የሚያሻግር ጀልባ ቀዛፊ። ይህ ሰውዬ ጥቁሯን ያቆስላታል፤ ሳይናገር ቤቱ ይገባል፤ ይበላል፣ ይተኛል። የቆሰለችው ስሟን አታውቅም። ስም የሌላት ደግሞ መሞት አትችልም። ስለዚህ እያነከሰች፣ ደሟን እያንጠባጠበች በየቤቱ እየዞረች በር ትደበድባለች። «ስሜ ማነች?» ትላለች። አናውቅም ይሏታል። ዛፉን ትጠይቃለች፣ ወንዙን ትጠይቃለች፣ ጨረቃን ትጠይቃለች፤ ሁሉም አያውቁም። በመጨረሻ የሰውዬው ቤት ትደርሳለች። በሩ ላይ ትቆማለች። ትንፋሿ በቀርከሃው ቀዳዳ ይገባል። «አንተ ታውቃለህ። ስሜን ስጠኝ፤ ልተኛ» ትላለች።

እዚህ ሲደርስ ያቆማል። ዓይኑን ከእሳቱ ላይ አያነሣም።

«ሰውዬው ምን አለች?» ይላል።

እኛ ልጆቹ እንሻማለን። ወንድሜ «ገደላት!» ይላል። እኔ «ሂጂ አላት!» እላለሁ፤ ሌላ ቀን «ውሃ ሰጣት»፤ ሌላ ቀን «አለቀሰ»። ጅዲ ራሱን ይነቀንቃል። «አንተ አይደለህም፤ ዝም በል» ይለኛል፣ ሳይቆጣ። ከዚያ ቀርከሃው ይፈነዳል፤ ጭሱ ወደ አባቴ ፊት ይሄዳል። አባቴ እሳት ይቆሰቁሳል። ያልጠፋ እሳት ይቆሰቁሳል። እናቴ እህል መልቀሟን አቁማ አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች። ማንም ምንም ሳይል ሲቀር ጅዲ ከዘራውን ተመርኩዞ ይነሣና «ኸላስ። ነገ» ብሎ ይሄዳል።

በጋውን ሙሉ እንዲህ ነበር። ሰው ልጁን በቀበረ በሰሞኑ፣ በዚያ ባረጀ እግሩ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ የገዳይዋን ጎሽ ባለቤት ፍለጋ ሳይሆን የወዳጁን አፍ ሊያስከፍት ይመጣ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው። ያቺን ቃል ካላገኘ የሀዋ እናት፣ እኛ እንደ አያት «ሐቦባ» የምንላት አሻ፣ ከተቀመጠችበት የሐዘን ምንጣፍ አትነሣም፤ ሞቱ ባለቤት ካላገኘ እናት ምንጣፏን አትጠቀልልም፣ ልማዱ ነው። ዱካው የት እንዳደረሰው ለወንዶች ልጆቹ አንድ ቀን ተንፍሶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አባቴ አያድርም ነበር። ጅዲ በአንድ በኩል ሚስቱን፣ በሌላ በኩል ወዳጁን ይዞ በመሃል ተረት ያወራ ነበር።

እኔ የገባኝ በበጋው መጨረሻ ነው። ቁጥቋጦው ሁሉ ተቃጥሎ አየሩ ጭስ ጭስ በሚልበት ሰሞን፣ አንድ ምሽት ትዕግሥቴ አለቀና «ጅዲ፣ ይሄ ተረት ለምንድነው የማያልቀው?» አልኩት።

«እኔ መጨረሻ አላውቅም» አለኝ። «ባለቤቱ ነች የምታውቅ።»

«ባለቤቱ ማነው?»

ጅዲ አዘነልኝ። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ያዘነልኝ ሰው ከዚያ በኋላ የለም። እናቴ ከበሩ «ፋጤ! ተነሺ፣ ግቢ!» ብላ ጮኸች፤ ጮኻብኝ አታውቅም ነበር። ልነሣ ስል አባቴን አየሁት። እሳት መቆስቆሻው እጁ ድረስ ነድዶ ሲያቃጥለው አልታወቀውም፤ አፉ ተከፍቶ ነበር፤ ሊናገር ነው አልኩ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዘጋው።

የዚያን ምሽት እናቴ በአላህ ስም ስትለምነው በግድግዳው ሰማሁ። «ይማም፣ በሞቴ፣ አንዲት ቃል ናት። ውሃ ያጠጣሃል እንጂ ምን ያደርግሃል?» ትለዋለች። አባቴ «ነገ» አለ። «ነገ እነግረዋለሁ፤ ልጆች በሌሉበት።» እስር ቤቱን ይፍራ፣ የሀዋን ወንድሞች ይፍራ፣ ወይስ ወዳጁን ዓይን ለዓይን ማየት ይፍራ፣ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ከፍርሃት የሚበልጥ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴ ደፋር ሰው ነበረና።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ጅዲ ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። አልተቀመጠም። ቆሞ ሁላችንንም በየስማችን ሰላም አለን፤ እናቴን አመሰገነ፤ አባቴን ትከሻው ላይ ነካ አደረገው። ተረት አላወራም። ከዚያ ወዲያ ወደ እኛ ደጅ አልመጣም፤ አባቴም ወደዚያኛው መንደር የሚወስደውን መንገድ ትቶ በዙሪያው ይሄድ ጀመር። ሐቦባ አሻ በዚያው ክረምት፣ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች አረፈች።

እቤታችን ውስጥም ጎሽ የሚል ጠፋ። እናቴ ቃሉን በአባቴ ፊት ማውጣት አልቻለችም፤ ቀስ በቀስ እሱ በሌለበትም ተወችው። እኔ ውሃውን ባላፈስም፣ ከክፍሌ አንደኛ ብወጣም «ደህና» ትለኛለች። ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ራሴን መርምሬያለሁ። አሁን አሶሳ ውስጥ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ልጆቹ ፊደል ሲለዩ «በርቱ»፣ «አንበሳ» እላቸዋለሁ፤ ያኛው ቃል ግን ከአፌ አይወጣም። ዘንድሮ አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሌሎቹ አስተማሪዎች እኮ ጎሽ ይሉናል» አለችኝ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ፊደል መጻፌን ቀጠልኩ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴን ወደ እኔ አመጣሁት። ስትሞት ምን እንዳለችው አልነገረኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያርፍ ሰው አልሆነም። ባለፈው በጋ አንድ የአምባችን ሰው መጥቶ ጅዲ ሐሩን በሕይወት እንዳለ፣ የመጨረሻ ወንድ ልጁ አሶሳ አምጥቶ ቤቱ እንዳስቀመጠው ነገረን። ከእኛ ቤት ሩቅ አልነበረም። አባቴ ያን ሌት አልተኛም። በማግስቱ ታጥቦ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ «ውሰጂኝ» አለኝ። የት ብዬ አልጠየቅሁትም። ባጃጅ ውስጥ እጁን ያዝኩት። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስፋ አድርጌ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ታይቶኝ፣ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣቸው ይሆን እያልኩ ነበር።

ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ጅዲ ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በጣም አንሷል። ከፊቱ የከሰል ምድጃ አለ፤ የልጅ ልጆቹ ዙሪያውን መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ትልቁ ስልክ እየነካካ ነው። የልጁ ሚስት በትሕትና ተቀበለችን፤ «አባባ ሰው አይለይም፤ ይኸው ሲመሽ ሲመሽ አንዷን ተረት ይደጋግማል» ብላ ወንበር ሰጠችን። አባቴ አልተቀመጠም።

ጅዲ እያወራ ነበር። ድምፁ አንሶ ነበር እንጂ ቃሉ ያው ነው። ዛፉን ጠየቀች፤ ወንዙን ጠየቀች፤ ጨረቃን ጠየቀች። ከሰውዬው በር ቆመች። «ስሜን ስጠኝ፤ ልተኛ።»

«ሰውዬው ምን አለች?»

አባቴ አንድ እርምጃ ቀረበ። የስንት ዓመቱ ሁሉ አንድ ላይ ሲወጣ ድምፁ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር።

«የኔ ነች፣ ሐሩን» አለ። «የኔ ነበረች። እኔ ነኝ ያቆሰልኳት። ይማም ነኝ።»

ልጆቹ ዞረው አዩት። ጅዲም ቀና ብሎ አየው፤ በትዕግሥት፣ በደንብ አየው። ከዚያ ጅዲ ተሳስቶ የመለሰን ልጅ እንደሚያርም ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም» አለ። «ተረቱ እንደዚህ አይደለም። ሰውዬው ዝም አለች።» ወደ ልጆቹ ዞረና ጣቱን አነሣ። «ሰውዬው ምን አለች?»

«ዝም አለች!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ፤ ትልቁ ደግሞ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

«ኸላስ» አለ ጅዲ።

አባቴ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። የልጁ ሚስት የደከመው መስሏት ሮጣ ሄዳ በላስቲክ ኩባያ ውሃ አመጣችለት። ተቀብሏት ኩባያውን አየው፤ ወዳጁን አየው፤ ሳይጠጣ መልሶ ሰጣት። ስንወጣ ጅዲ «ነገ ኑ» አለን፤ ለማንም እንግዳ የሚለውን። እኛ ሳንመለስ፣ ከረመዳን በፊት ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ተረት ብዙ አስባለሁ። ያኔ እሳት ዳር የሰማኋቸው ሁሉ ጥሩ ሰው ሊያደርጉኝ የተነገሩ ይመስለኝ ነበር፤ ለእኔ አልነበሩም። ለአንድ ሰው ነበሩ፤ እሱም ይሰማ ነበር፣ ይገባውም ነበር፤ ግን አልጠቀመም። እንዲህ ያለውን ነገር ለተማሪዎቼ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው አላውቅም፤ ባልነግራቸው ይሻላል። የሀዋን መቃብር አሁን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

አባቴ ማታ ማታ ደጅ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አስቁሞ «የኔ ነበረች» ይለዋል። «የኔ ነበረች፤ እኔ ነኝ።» ጎረቤቶቻችን ደግ ሰዎች ናቸው፤ ላም የጠፋችበት ይመስላቸዋል።

«አብሽሩ አባባ» ይሉታል፤ «ትገኛለች።»